ገመዱ ቢበጠስ ማዳመጫው አልሞተም

ዕቃ ሲበላሽ ሁለንተናው በአንድ ጊዜ አይበላሽም። የማሰሮ ጆሮ ቢሰበር ሆዱ ደኅና ነው፤ የጃንጥላ ዘንግ ቢታጠፍ ጨርቁ እንዳለ አለ። በጆሮ ውስጥ ገብቶ ዘፈን፥ ስብከትና ዜና የሚያሰማን የጆሮ ማዳመጫም እንዲሁ ነው። ድምፅ የሚሰጠው ክፍል በጥንቃቄ ከያዙት ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ቶሎ የሚያልቀው ገመዱ ነው። ዳሩ ግን ገመዱ በተበጠሰ ጊዜ አብዛኛው ሰው ማዳመጫውን በሙሉ አውጥቶ ይጥለዋል። ደኅናውን ከበሽተኛው ጋር አብሮ ይቀብረዋል ማለት ነው።

ይህ ነገር በትልቅ ከተማ ለሚኖርና ወዲያው ሌላ ለሚገዛ ሰው ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። በወላይታ፥ የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሻንቶ ግን ቀላል አይደለም። እዚህ የእጅ ስልክ መነጋገሪያ ብቻ ሳይሆን ሬዲዮም ነው፤ ለተማሪም ሁለተኛ መምህር ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ታናናሾቹ ተኝተው፥ እናትና አባት ሲጨዋወቱ፥ ለፈተና የሚዘጋጀው ልጅ ማንንም ሳይረብሽ ትምህርቱን የሚያዳምጠው በዚያች ቀጭን ገመድ ነው። ገመዷ ስትበጠስ የሚጠፋው ሙዚቃ ብቻ አይደለም።

አንባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይበሉ። በአብዛኛው የእጅ ስልክ ውስጥ ያለው የኤፍ.ኤም. ሬዲዮ የራሱ አንቴና የለውም፤ አንቴናው የማዳመጫው ገመድ ነው። ማዳመጫ ሳይሰኩ ሬዲዮውን ሊከፍቱ ቢሞክሩ ስልኩ በመጀመሪያ ማዳመጫ እንዲሰኩ የሚጠይቅዎ በዚህ ምክንያት ነው። ከወላይታ ሶዶ በ96.6 ሜጋ ኸርዝ የሚተላለፈውን የወጌታ ኤፍ.ኤም. ሞገድ ብንለካው ርዝመቱ 3.1 ሜትር ያህል ነው። ለአንቴና ጥሩ የሚሆነው የዚህ ሩብ፥ ማለት 78 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜትር የሚያልፈው የማዳመጫ ገመድ ይህን ሥራ በሚገባ ይሠራል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ እንደ ነበረ እናስታውሳለን። ሬዲዮው በስልክ ውስጥ ብቻ ለነበረ ቤተሰብ፥ የተበጠሰ ገመድ ማለት የተዘጋ የክፍል በር ማለት ነበረ።

እንግዲህ ገመዱን እንዴት እናድነዋለን? የሌላ ማዳመጫ ገመድ አምጥተንስ ካለን ማዳመጫ ጋር እንዴት እናስማማዋለን? መልሱን ለማግኘት አስቀድመን ጃክ የምንላት ያቺ የብረት ጫፍ ከየት እንደ መጣች ማወቅ ይጠቅማል።

የጃክ ትውልድ

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። በዚያን ጊዜ በዓለም ሁሉ ሁለት ተነጋጋሪዎችን የሚያገናኝ ሰው ነበረ እንጂ እንደ ዛሬው ራሱ የሚያገናኝ መሣሪያ አልተስፋፋም ነበር። ቴሌፎኒስቷ ቀዳዳ በሞላበት ሰሌዳ ፊት ትቀመጥና በገመድ ጫፍ ያለውን ብረት ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ በሌላው ትሰካለች። ያ ብረት ውፍረቱ 6.35 ሚሊ ሜትር፥ ማለት የኢንች ሩብ ነበረ። የዛሬው ጃክ ሁሉ አያቱ እርሱ ነው።

አያቱ ደግሞ እስከ ዛሬ በሕይወት አለ። በየቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር የሚታጀብበት የኤሌክትሪክ ጊታርና ኪቦርድ ከድምፅ ማጉያው ጋር የሚገናኘው በዚያው በወፍራሙ ጃክ ነው። ልጁ 3.5 ሚሊ ሜትሩ ጃክ በትንንሽ የትራንዚስተር ሬዲዮኖች ዘመን ተወለደ፤ የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ዎክማን የተባለውን በኪስ የሚያዝ ቴፕ ካወጣ በኋላም በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። እ.ኤ.አ. በ2016 አፕል ኩባንያ አይፎን 7 የተባለውን ስልክ ያለ ጃክ ቀዳዳ አወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት። የሆነ ሆኖ በወረዳ ከተሞች በሰው እጅ ያለው ስልክ ብዙው ዛሬም ባለ ቀዳዳ ነው።

ጃክ እንግዲህ ስምምነት ነው። ሠሪው ከሌላው ሠሪ ጋር «ውፍረቱ ይህን ያህል ይሁን፥ የግራው ድምፅ በዚህ፥ የቀኙ በዚያ ይለፍ» ብሎ የተዋዋለው ውል ነው። ውሉ የተጠበቀ እንደሆነ ከጃፓን የመጣ ማዳመጫ ከቻይና በመጣ ስልክ ይሠራል። ውሉ የፈረሰ እንደሆነ ግን ሁለቱም ደኅና ሆነው ሳለ አይግባቡም። የጠጋኙ ሥራ ሁሉ ይህን ውል ማንበብ ነው።

አራቱ ቀለበቶች

አሁን ማዳመጫዎን ያንሡና ጃኩን በብርሃን ይመልከቱ። በብረቱ ላይ ጥቁር ወይም ነጭ መስመሮች ያያሉ። መስመሮቹ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፕላስቲክ ናቸው፤ ብረቱን በክፍል በክፍል ይለዩታል። መስመሩ ሁለት ከሆነ ክፍሉ ሦስት ነው፦ ጫፉ ለግራ ጆሮ፥ መካከለኛው ቀለበት ለቀኝ ጆሮ፥ ከገመዱ አጠገብ ያለው ደግሞ ለሁለቱም የጋራ መመለሻ ነው። ኤሌክትሪክ ሄዶ መመለስ አለበትና ያለ መመለሻው ድምፅ የለም።

መስመሩ ሦስት ከሆነ ክፍሉ አራት ይሆናል፤ አራተኛው ለመነጋገሪያው ማይክሮፎን ነው። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጫፉ የግራ፥ ሁለተኛው የቀኝ መሆኑን ሁሉም ተስማምቶበታል። በሦስተኛውና በአራተኛው ግን ዓለም ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ሲ.ቲ.አይ.ኤ. በተባለው ሥርዓት ሦስተኛው መመለሻ፥ አራተኛው ማይክሮፎን ነው፤ ኦ.ኤም.ቲ.ፒ. በተባለው ደግሞ ሦስተኛው ማይክሮፎን፥ አራተኛው መመለሻ ነው። የዛሬዎቹ ስልኮች ብዙዎቹ በፊተኛው ይሄዳሉ፤ የጥንቶቹ አንዳንዶቹ በኋለኛው ይሠሩ ነበር።

የአንዱ ሥርዓት ማዳመጫ በሌላው ስልክ ላይ ሲሰካ የሚሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። መሣሪያው ይጮኻል፥ የዘፋኙ ድምፅ ግን ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ይርቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ ይጠፋል። በዚያን ጊዜ በገመዱ ላይ ያለውን የመነጋገሪያ ቁልፍ ተጭነው ይያዙ። ድምፁ ወዲያው ከተስተካከለ ማዳመጫው አልተበላሸም፤ መመለሻውና ማይክሮፎኑ ቦታ ተለዋውጠዋል። ሁለቱን ቀለበቶች የሚያለዋውጥ አጭር መቀጠያ፥ ወይም የጃኩን ሽቦዎች ቦታ መለወጥ ይበቃል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ደኅና ዕቃ ይጥላል፤ ወይም ድምፁን ለማግኘት ሲል እስከ መጨረሻው ከፍ እያደረገ ጆሮውን ይጎዳል።

የሚነቀል ገመድ

ማዳመጫ ሠሪዎች ገመዱ ከሁሉ በፊት እንደሚሞት ያውቃሉና፥ በተሻሉት ማዳመጫዎች ላይ ገመዱ ከጆሮው አጠገብ እንዲነቀል አደረጉ። ገመዱ ቢበጠስ ሌላ ገመድ ገዝቶ መሰካት ነው። እንዲህ ያለውን ማዳመጫ ከደቡብ አፍሪካ ወይም ከዐረብ አገር የተመለሰ ወንድም ያመጣዋል፤ ዛሬ በርካሽ ከቻይና የሚመጣም አለ። ሐሳቡ መልካም ነው። ጉዳቱ ግን ሠሪዎቹ በጃኩ የተስማሙትን ያህል በዚህኛው ጫፍ አለመስማማታቸው ነው።

በዓይነት ሁለቱ ይበዛሉ። የመጀመሪያው ኤም.ኤም.ሲ.ኤክስ. የሚባለው ክብ ጫፍ ነው። መካከሉ አንዲት መርፌ፥ ዙሪያዋ ቀለበት ሆኖ፥ ሲጫኑት «ቀጭ» ብሎ ይገባል፤ ከገባም በኋላ ይሽከረከራል። መጀመሪያ የተሠራው ለጆሮ ሳይሆን ለሬዲዮ መሣሪያዎች የአንቴና ገመድ ነው። 500 ጊዜ ያህል መሰካትና መነቀል እንዲችል ተደርጎ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ በየቀኑ አንድ ጊዜ የሚነቅለው ሰው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሊያላላው ይችላል። ስለዚህ «ይነቀላል» ማለት «ሁልጊዜ ይነቀል» ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ባለ ሁለት መርፌ ነው። ሁለት ቀጫጭን መርፌዎች በሁለት ቀዳዳዎች ይገባሉ። የመርፌው ውፍረት በአንዳንዱ 0.78 ሚሊ ሜትር፥ በሌላው፥ ለምሳሌ ኬ.ዜድ. የተባለው የቻይና ፋብሪካ ባወጣቸው ብዙ ማዳመጫዎች፥ 0.75 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሦስት መቶኛ ነው፤ ከአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት ያንሳል፥ ዓይንም አይለየውም። ሆኖም ወፍራሙን በጠባቡ ቀዳዳ በግድ ቢሰኩ የቀዳዳውን ከንፈር ይሰነጥቀዋል፤ ቀጭኑን በሰፊው ቢሰኩ ይላላል፥ ራስ በተነቀነቀ ቁጥርም ድምፁ ይቆራረጣል።

ከነዚህ ሌላ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን መልክ ጨምሯል። የጀርመኑ ዜንሃይዘር በኤች.ዲ. 600 ማዳመጫው አንዱን መርፌ ወፍራም፥ አንዱን ቀጭን አደረገ፤ ሰው አዟዙሮ እንዳይሰካ ማለት ነው። በአይ.ኢ. 300፥ በአይ.ኢ. 600 እና በአይ.ኢ. 900 ደግሞ ክቡን ኤም.ኤም.ሲ.ኤክስ. ተጠቅሞ ቀዳዳውን ወደ ውስጥ አጠለቀው። ስለዚህ የሌላ ኩባንያ ገመድ፥ መርፌውና ቀለበቱ ትክክል ሆነው ሳሉ፥ የፕላስቲክ አንገቱ ወፍራም ከሆነ አልገባም ይላል። ኤሌክትሪኩ ተስማምቷል፤ የተጣላው ልብሱ ነው።

እንዴት እናስማማቸው?

ከሁሉ በፊት አንድ ሕግ ይያዙ፦ የሚቆረጠው ርካሹ ይሁን። ገመድ ይተካል፤ ማዳመጫው በቀላሉ አይተካም። ስለዚህ ቀዳዳውን ለማስፋት በማዳመጫው ላይ መርፌ ወይም ቢላዋ አያሳርፉ። የሚታረመው ሁልጊዜ ገመዱ ነው።

የተጣላው ልብሱ ብቻ እንደሆነ ሥራው ቀላል ነው። የገመዱን የፕላስቲክ አንገት በደቃቅ ሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን እኩል እያሻሹ ማቅጠን ነው። በያንዳንዱ ጊዜ ጥቂት ብቻ ይሞረዱ፥ ብናኙን በብሩሽ ያራግፉ፥ ይሞክሩ። የብረቱን ቀለበት ሞረዱ እንዳይነካው በቀጭን ፕላስተር ይጠቅልሉት። የተሞረደው አይመለስምና ትዕግሥት ያስፈልጋል።

የመርፌው ዓይነት ራሱ የተለየ እንደሆነ ግን የገመዱን ጫፍ ቆርጦ ከማዳመጫው ጋር የሚስማማ ጫፍ መበየድ ግድ ነው። የተበጠሰውን ጃክ በአዲስ ጃክ መተካትም በዚሁ አኳኋን ይሠራል። ደረጃው እነሆ።

በመጀመሪያ የታመመውን ቦታ ይፈልጉ። ማዳመጫውን ሰክተው እያዳመጡ ገመዱን ከአንድ ጫፍ ጀምረው በትንሽ በትንሹ ያጥፉት። ድምፁ የሚመጣና የሚሄድበት ቦታ ቁስሉ እርሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጃኩ አጠገብ፥ ወይም ገመዱ ለሁለት በሚከፈልበት ላይ ይገኛል፤ ገመዱ ሲታጠፍ የሚውለው በነዚህ ቦታዎች ነውና። መልቲሜትር ያለው ሰው በጃኩ ጫፍና በመመለሻው መካከል ይለካ። ብዙ ጊዜ ለጆሮ ማዳመጫ የሚነበበው 16 ወይም 32 ኦም አካባቢ ነው፤ ምንም የማይነበብ ከሆነ ሽቦው ተበጥሷል።

ሁለተኛ፥ ከቁስሉ ጥቂት አልፈው ይቁረጡ። ስልክዎን ለሬዲዮም የሚጠቀሙበት ከሆነ፥ ቀደም ሲል ስለ አንቴናው ያልነውን አይርሱ፤ ገመዱን ከ78 ሳንቲ ሜትር በታች አያሳጥሩት።

ሦስተኛ፥ የጃኩን መሸፈኛ ከመበየድዎ በፊት በገመዱ ላይ ያጥልቁ። ይህ የሚያስቅ ምክር ይመስላል፤ ነገር ግን ሥራውን ጨርሶ መሸፈኛው በጠረጴዛው ላይ መቅረቱን የሚያይ ጠጋኝ ብዙ ነው።

አራተኛ፥ ሽቦዎቹን ይለዩ። ከውስጥ የሚወጡት እንደ ጠጉር የቀጠኑ የመዳብ ክሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ለጥንካሬ የተጨመረ የናይለን ክር አለ። ብዙ ጊዜ ቀዩ የቀኝ፥ አረንጓዴው ወይም ሰማያዊው የግራ፥ የመዳብ መልክ ያለው መመለሻ ነው። ፋብሪካ ሁሉ ግን ይህን አይጠብቅምና ቀለሙን ከማመን መለካት ይሻላል። ቀለሙ ራሱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሽፋን ነው፤ ሳይነሣ ቢበየድ ብየዳው የያዘ መስሎ ድምፅ አይሰጥም። የጋለውን መበየጃ ከእርሳስ ጋር አድርገው ጫፉን ጥቂት ጊዜ ቢያሹት ሽፋኑ ይቃጠልና ሽቦው ብር መስሎ ይነጣል። ያን ጊዜ ለሥራ ተዘጋጅቷል።

አምስተኛ፥ ፈጥነው ይበይዱ። ከቆርቆሮና ከእርሳስ የተቀላቀለው የተለመደው የብየዳ ብረት በ183 ዲግሪ ገደማ መቅለጥ ይጀምራል፤ የጃኩ ፕላስቲክ ግን ሙቀቱ ከቆየበት ይለሰልስና መርፌዎቹ ይጣመማሉ። ሁለት ሦስት ሴኮንድ ይበቃል። ባለ ሁለት መርፌ ጫፍ ሲበይዱ መርፌዎቹን በማይፈልጉት አሮጌ ቀዳዳ ውስጥ ሰክተው ቢይዟቸው አይጣመሙም።

ስድስተኛ፥ ሁለቱ ጆሮዎች አንድ ዓይነት አቅጣጫ እንዲይዙ ይጠንቀቁ። በቀኙ መመለሻው በስተ ኋላ ከሆነ በግራውም በስተ ኋላ ይሁን። አንዱ ቢገለበጥ ሁለቱም ጆሮዎች ይሰማሉ፤ ዳሩ ግን አንዱ ሽፋን ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ይስባል፤ የከበሮው ድምፅ ይሳሳል፥ የተናጋሪው ድምፅም በራስ መካከል መሆኑ ቀርቶ የትም የሌለ ይመስላል። እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰሙ አንዱን ጆሮ ብቻ ፈትተው ያዙሩት።

በመጨረሻም መሸፈኛውን ከመዝጋትዎ በፊት ይሞክሩ፤ ገመዱ እንዳይሳብም በመሸፈኛው ውስጥ በደንብ አጥብቀው ይያዙት። ብየዳው እርሳስ ስላለበት በመስኮት አጠገብ ይሥሩ፥ እጅዎንም ሳይታጠቡ ምግብ አይንኩ።

የማይነካው የትኛው ነው?

ሁሉ ነገር ይጠገናል ማለት ግን አይደለም። ያለ ገመድ በብሉቱዝ የሚሠሩት ትንንሽ ማዳመጫዎች በሙጫ የተዘጉ ናቸው፤ በውስጣቸውም ባትሪ ስላለ በቢላዋ መክፈት አደገኛ ነው። በስልኩ የቻርጅ ቀዳዳ የሚሰኩትም ሌላ ነገር አላቸው። ብዙዎቹ በጫፋቸው ውስጥ የስልኩን ቁጥር ወደ ድምፅ የምትመልስ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አለች፤ ጫፉን ቆርጦ ተራ ጃክ መበየድ ማዳመጫውን ለጃክ ቀዳዳ ያውለዋል እንጂ ተራውን ጫፍ ለቻርጅ ቀዳዳ መበየድ አይሆንም። አንዳንዱ የጃክ መቀጠያም ይህች መሣሪያ የለችበትም፤ በአንዱ ስልክ ሠርቶ በሌላው ዝም ማለቱ ከዚህ የተነሣ ነው። እንዲህ ያለውን ሲገዙ በራስዎ ስልክ ላይ ሞክረው ይግዙ።

የእጅ ሥራ ክብር

አሁን ወደ ሰዎቹ እንመለስ። በየወረዳው ከተማ ከአንድ ጠረጴዛ በማትበልጥ ሱቅ ውስጥ ጎንበስ ብለው ስልክ የሚጠግኑ ወጣቶች አሉ። ብዙዎቹ ይህን ሙያ በማየትና በመሞከር ነው ያገኙት። እኛ በክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፈውን የኦምን ሕግ እነርሱ በጣታቸው ያውቁታል። የሚያሳዝነው ግን አንዳንድ ወላጅ ልጁ ጥሩ ውጤት ያመጣ እንደሆነ ሐኪም ወይም ኢንጂነር እንዲሆን ይመኛል፤ የወደቀ እንደሆነ ደግሞ «እንግዲህ ስልክ ይጠግን» ይላል። የእጅ ሥራ የወደቀ ሰው መጠጊያ ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው።

ይህ አመለካከት የቆየ ሥር አለው። በወላይታም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፥ እንስራውን የምትሠራው፥ ቆዳውን የሚያለፋው ሰው፥ ሁሉም በሥራው እየተጠቀመ፥ ሲናቅ ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስኪያወጡ ድረስ አድርሷቸዋል። አዋጅ አፍን ይከለክላል፤ ልብን የሚለውጠው ግን ዕውቀት ነው። የሚሊ ሜትርን ሦስት መቶኛ የሚያከብር፥ አራት ቀለበት አንብቦ የሁለት ኩባንያዎችን ጠብ የሚያስታርቅ እጅ፥ የተማረ እጅ ነው።

ስለዚህ አንባቢ፥ በቤትዎ መሳቢያ ውስጥ ዝም ያለ ማዳመጫ ካለ አይጣሉት። ጃኩን በብርሃን ይመልከቱ፥ ቀለበቱን ይቁጠሩ፥ ገመዱን እያጠፉ ቁስሉን ይፈልጉ። እጅዎ ካልደፈረ ለሠፈርዎ ጠጋኝ ይስጡትና ዋጋውን ሳይከራከሩ ይክፈሉ። የክፍል ተማሪ ልጅ ካለዎትም አጠገቡ ቆሞ ይመልከት። በፊዚክስ መጽሐፉ ያነበበው ኤሌክትሪክ ሄዶ ሲመለስ በዓይኑ ያየዋል፥ በጆሮውም ይሰማዋል።